ከእንሰቱ ጀርባ

ወደ ዱቦ አጭሩ መንገድ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ያለው ነው። እኛ ግን በባቱ በኩል ዞርን፤ ልጆቹ ሐይቅ ካላየን ብለው ነበር። ባቱ ስንደርስ መጀመሪያ ዓይናቸው የገባው ግን ሐይቁ ሳይሆን የአበባ እርሻዎቹ ፕላስቲክ ነው። ግሪንሃውሶቹ ተያይዘው፣ ነጭ ሆነው፣ በፀሐዩ እያብረቀረቁ ሜዳውን ሸፍነውታል። የስምንት ዓመቷ ልጃችን በመስኮት አሻግራ አየችና «ሐይቁ ይሄ ነው?» አለች።

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ወደ ዱቦ የምንሄደውም ግማሹ ለጊፋታ ዘመድ ጥየቃ፣ ግማሹ ደግሞ ለዚሁ ለግሪንሃውስ ጉዳይ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከኬፕታውን ተመልሷል። ዓመታት በሰው ሱቅ ቆሞ ባጠራቀመው ገንዘብ በእናቱ ግቢ ውስጥ ጎብኚ የሚገባበት ግሪንሃውስ መሥራት ይፈልጋል። የአጆራን ፏፏቴ ለማየት አረካ ድረስ የመጣ ሰው ጎራ ብሎ ቡና የሚጠጣበት፣ ተክል የሚያይበት፣ ልጆቹን የሚያናፍስበት ቤት። አስቀድሞ በስልክ የላከልኝ ፎቶ ላይ ያለው ግን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍ ብሎ የቆመ የመስታወት አዳራሽ ነው። ከሥሩ «እንደዚህ» ብሎ ጽፎበታል።

ከሻሸመኔ በሐላባና በቦዲቲ አድርገን ሶዶ ስንገባ የዳሞታን ጫፍ ጉም ሸፍኖት ነበር። ከሶዶ አረካ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዱቦ ከዚያ ቅርብ ናት። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በካቶሊክ ሚሲዮኑና በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ነው። ወላይታ በገጠር የሕዝብ ጥግግት በአገራችን ቀዳሚ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው ግን ይህን አያስተውልም፤ ምክንያቱም ቤቶቹ አይታዩም። የሚታየው እንሰት ነው። ከእንሰቱ መሐል ጭስ ሲወጣ ካያችሁ እዚያ ቤት አለ ማለት ነው። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ብቻ ነው ከሩቅ «አለሁ» የሚለው።

አማቴ «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ግቢያቸው የወላይታ ግቢ ነው። ከፊት ለፊት እንደ ምንጣፍ የታጨደ የሣር ሜዳ፣ ከሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ዋንዛ፣ ቀጥሎ ቤቱ፣ ከቤቱ ጎንና ጀርባ እንሰቱ። በእንሰቱ ጥላ ሥር ቡናው አለ፤ ከዚያ ወረድ ሲል ጎደሬ፣ ቦዬና ጎመን። ይህ ፍግ የሚጠግበው የቤት ዙሪያ መሬት በወላይትኛ ዳርኳ ይባላል። ከብቱ የሚሰጠው ሁሉ የሚገባው እዚህ ነው፤ ራቅ ያለው የበቆሎና የጤፍ መሬት የሚደርሰው የተረፈው ነው። ስለዚህ በዳርኳ ላይ አንድ ክንድ መሬት መውሰድ በከተማ ቋንቋ የቤቱን ቁጠባ ደብተር መቅደድ ነው። እንሰት ደግሞ ዝናብ ቢቀር፣ በቆሎ ቢከዳ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ምግብ ነው። በኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በእርሱ ይኖራል።

ዋርሳዬ ያሰበው ቦታ ከመንገዱ በላይ ያለውን ከፍታ ነው። እዚያ የቆሙት 40 ያህል የእንሰት ተክሎች ናቸው። «እናቴን አሳምኛታለሁ» አለኝ። አማቴ አልተናገሩም። የቡና ስኒውን ማቀራረብ ቀጠሉ።

ነገሩን ትንሽ ከሩቅ ላንሳው። የመስታወት ቤት የተወለደው በብርድ አገር ነው። ለንደን ውስጥ በሚገኘው በኪው የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ያለው ዝነኛው የዘንባባ ቤት ከ1844 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሞቃት አገር ተክሎች በክረምቱ ብርድ እንዳይሞቱ ነው። መስታወቱ ፀሐይን ያስገባል፣ ሙቀቱን ይይዛል፤ ለተክሉ የሌላ አገር አየር ይፈጥርለታል። የሚገርመው በ1853 እ.ኤ.አ. ምፅዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ወደ ኪው ከላካቸው ዘሮች መካከል የእኛው እንሰት ነበረበት። አውሮፓውያን ከዚያ በፊት የሚያውቁት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ካለው ሥዕል ነው። እናም አማቴ ከቤታቸው ጀርባ በፍግ የሚያሳድጉት ተክል እዚያ ጎብኚ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚደነቅበት ሆነ። ዋርሳዬ ይህን ስነግረው ደስ አለው፤ «እኮ! እኛም እናሳያቸው» አለ። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ያለ መስታወት የሚያድገውን ለምን እንቆርጣለን፣ መስታወት ለመትከል?

አረካ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ነው፤ ብርድ የሚባል ነገር ተክልን አያሰጋም። እዚህ ግሪንሃውስ የሚጠብቀው ከሌላ ነገር ነው፦ ከበረዶ፣ ከኃይለኛ ዝናብ፣ ከሚረጭ ጭቃና ጭቃው ከሚያመጣው በሽታ። ሥጋቱ ሙቀት ማነስ ሳይሆን ሙቀት መብዛት ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ በዚያን ጊዜ ዙሪያው የተዘጋ የመስታወት አዳራሽ እኩለ ቀን ላይ ተክሉንም እንግዳውንም ይቀቅላል። ከዚያ ማቀዝቀዣ ይመጣል፣ ከማቀዝቀዣው ጋር መብራት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር።

የመጀመሪያ ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚያው ምሽት እንሰቱን ላለመንካት ብዬ ቤቱን ከፊት ለፊት ባለው የሣር ሜዳ ላይ ነደፍሁት። መሬቱ ሜዳ ነው፣ ቁፋሮ አይጠይቅም፣ ከመንገድም ይታያል። ለራሴ ጎበዝ መስሎኝ ወረቀቱን ለአማቴ አሳየሁ። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት አዩት።

«ለቅሶ ሲሆንስ?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ሰው ሲሞት፣ ልጄ። ድንኳኑ የት ይተከላል? ሰው የት ይቀመጣል?»

የዛሬ ሦስት ዓመት የባለቤቴ አባት ሲያርፉ በዚያ ሣር ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። የእኔና የባለቤቴ የመልስ ዕለት የተጨፈረውም እዚያው ላይ ነው። ለጊፋታ ልጆቹ የሚሯሯጡት፣ ሽማግሌዎች ከዋንዛው ሥር ነገር የሚያዩት እዚያ ነው። እኔ በወረቀት ላይ ያየሁት «ባዶ ቦታ» ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት፤ ማታውን በዳጣ የቀረበልኝን ሥጋ እንኳ በቅጡ አልበላሁም።

በማግስቱ ጠዋት ከወረቀት ወጣን። ማንም ሰው ቤት ወይም አጥር ወይም ፎቅ ከመሥራቱ በፊት ሊያደርገው የሚችል ቀላል ነገር ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ቆረጥን፤ ዋርሳዬ በፈለገው ቦታ፣ በፈለገው ከፍታ፣ ማለትም 6 ሜትር ላይ፣ ነጭ አንሶላ ወጥረን አቆምን። ልጄና የጎረቤት ልጆች ቀርከሃውን ያዙ። ለትልቁ ልጃችን ደግሞ ከአያቱ ቤት የግድግዳ መስታወት አውርደን ሰጠነው። ከዚያ እኔ፣ ባለቤቴና ዋርሳዬ ሸለቆውን ተሻግረን ማዶ ካለው ዳገት ላይ ወጣን።

አንሶላው ከእንሰቱ በላይ ጎልቶ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል። ከኋላው ያለው የኮረብታ መስመር ተቆርጧል። ቀጥሎ ልጄ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዞራት። መስታወቷ ከደብተር ብዙም አትበልጥም፤ ጨረሯ ግን ሸለቆውን አቋርጦ መጥቶ ዓይናችንን ወጋን። ማዶ ባለው መንገድ ይሄድ የነበረ ሰው ግንባሩን በእጁ ጋርዶ ቆሞ አየ። ያ አዳራሽ ቢሠራ የዚያ ሁሉ ሰው የከሰዓት ፀሐይ በየቀኑ ሁለት ሊሆን ነው።

ከዚያ አንሶላውን ወደ ታች፣ ከእንሰቱ ጀርባ ወዳለው ተዳፋት አወረድን፤ ከፍታውን 4 ሜትር አደረግነው። ደግመን ስናይ የለም። ልጆቹ «እዚህ ነን!» እያሉ ሲጮኹ በድምፃቸው ነው ያገኘናቸው።

ዋርሳዬ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ካልታየ ማን ይገባል?» አለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሁንም ተገቢ ነው እላለሁ። የእኔን ሙያዊ ጣዕም ለማስደሰት አይደለም በሰው አገር የቆመው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ነው፤ ቢከስር ወደዚያ ሱቅ የሚመለስበት ዕድሜ አልፎታል። ስለዚህ «ተፈጥሮ ይከበር» ብሎ መስበክ አይበቃም ነበር። እርሱ ራሱ ያየውን አስታወስሁት። ኬፕታውን ውስጥ በ1913 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኪርስተንቦሽ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ አለ፤ በእረፍት ቀኑ እዚያ ይሄድ እንደነበር ፎቶዎቹ ይመሰክራሉ። እዚያ ሰው የሚመጣው ከመንገድ የሚታይ ግንብ ጠርቶት አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በዛፎቹ መሐል የተሠራ 130 ሜትር ርዝመት ያለው የእግር መሄጃ ድልድይ አላቸው፤ ስሙ ቡምስላንግ፣ የዛፍ እባብ ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ድልድዩ በቅጠል ተውጧል፤ ሲገቡበት ግን የዛፉ አናት ከጎንዎ ነው። «የቱን ነው ብዙ ፎቶ ያነሳኸው?» አልሁት። ስልኩን አወጣ። ድልድዩን ነበር።

ሌላም ጨመርሁ። በዌልስ ብሔራዊ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ኖርማን ፎስተር የነደፉት ትልቅ የመስታወት ቤት አለ። በአንድ ጣሪያ ከተሸፈኑ ግሪንሃውሶች በዓለም ትልቁ ይባላል፤ ግን ከመሬቱ እንደ አንድ ተጨማሪ ኮረብታ ነው የሚነሳው። ትልቅ ሆኖም መሬቱን መምሰል ይቻላል ማለት ነው። የእኛው 18 በ7 ሜትር ቢሆን ይበቃዋል።

ስለዚህ መንገዱን ነደፍን እንጂ ቤቱን አስቀድመን አልነደፍንም። እንግዳው ከሣር ሜዳው ዳር ይገባል፤ ሜዳው አይነካም። ከዚያ በእንሰቱ መሐል ያለውን የአማቴን የእግር መንገድ ይዞ ይወርዳል። መንገዱን ወደ አንድ ሜትር ተኩል እናሰፋዋለን፤ የልጅ ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያልፍ፣ ደረጃ ሳይሆን ዘንበል ያለ መሄጃ ይሆናል። ቅጠሉ ከላይ ገጥሟል፤ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ ሙቀቱ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ዞር ሲል በሩን ያገኘዋል። ልጄ መንገዱን ሁለት ጊዜ ሮጣ ካየችው በኋላ «ዋሻ ነው» አለች። ዋርሳዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

ቤቱ ራሱ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ተዳፋቱን በአግድሙ ይከተላል። ወደ ቁልቁለቱ ቀጥ ብሎ ቢሠራ አንዱን ጫፍ በጥልቅ መቆፈር፣ ሌላውን በድንጋይ መሙላት ይጠይቅ ነበር፤ ያ ቀይ አፈር አንዴ ከተፈታ ክረምት ይዞት ይሄዳል። ጣሪያው ተራ የግሪንሃውስ ፕላስቲክ ነው፤ ከላዩ ግን ጥቁር አረንጓዴ የጥላ መረብ ይወጠርበታል። መረቡ ከፕላስቲኩ በላይ ሲሆን ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ሙቀቱን ከመግባቱ በፊት ይቀንሳል፣ ብልጭታውንም ይገድላል። ወፎችም ከመስታወት ጋር ከመጋጨት ይተርፋሉ። ግድግዳው እስከ ወገብ የአካባቢው ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ የሚጠቀለል መጋረጃ ነው፤ በጣሪያው አናትም በርዝመቱ ሁሉ ሞቃት አየር መውጫ ክፍተት አለው። ማራገቢያ የለም፣ ጄኔሬተር የለም። ፕላስቲኩ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በላይ አይቆይም፤ መቀየሪያው ገንዘብ ከመጀመሪያው መያዝ አለበት፤ አሮጌውም ገደል ውስጥ እንዳይጣል ቦታ ተበጅቶለታል። ብዙ ግሪንሃውስ የሚያስቀይመው ሲሠራ ሳይሆን ተቀዶ በየአጥሩ ሲውለበለብ ነው።

የውኃውን ስሌት ልጆቹ ሠሩት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችን 126 ካሬ ሜትር፤ አንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከ2500 ሊትር በላይ። አሸንዳውና ታንከሩ በወጉ ካልተሠሩ ይህ ሁሉ ውኃ ቁልቁል ወደ ጎረቤት ጎደሬ ይወርዳል። ከተሠሩ ግን አማቴ በበጋ ውኃ ፍለጋ ርቀው አይሄዱም። ይህን ስንነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን በእጃቸው ያዙት።

ውስጡ ምን ይኑር የሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር ነበር። ዋርሳዬ ኦርኪድና ጽጌረዳ ይላል። ባለቤቴ ግን ዝንጅብልን አነሳ። ይህ አካባቢ በዝንጅብል የታወቀ ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የተዛመተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ማሳውን ሁሉ መታው። ብዙ ቤተሰብ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያው ከዚያ ነበር፤ የባለቤቴም ጭምር። በንጹሕ አፈር፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ፣ ከጣሪያ ሥር ጤናማ የዝንጅብል ዘር ማባዛት ይቻላል። ጎን ለጎን ኮረሪማ፣ የቡና ችግኝ። ኦርኪዱም ይኑር፤ ለፎቶ። ቤቱ እንግዳ ባልመጣበት ወርም ሥራ አለው ማለት ነው፤ የዋርሳዬን ሥጋት ከሁሉ በላይ ያቀለለለት ይህ ይመስለኛል።

እንሰቱም ጠላት አለው። አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ሳይንሳዊ መግለጫው የወጣው በ1968 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን በተደረገ ጥናት ነው፤ በኋላ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ሙዝንም አጥቅቷል። ዋና መተላለፊያው ያልጸዳ ቢላዋ ነው። ስለዚህ እንግዳ ቅጠል አይቆርጥም፤ መሣሪያ ሁሉ በእሳት ይለበለባል ወይም በበረኪና ይታጠባል፤ ከሌላ ቦታ የእንሰት ችግኝ ይዞ መግባት የለም። እናንተም ወደ ደቡብ ስትወርዱ መንገድ ዳር ያያችሁትን ችግኝ መኪና ላይ ጭናችሁ ወደ ሌላ ሰው ጓሮ አታድርሱ። የእንሰትን ዓይነት ማየት የሚወድ ሰው ካለ፣ አረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ይዟል። አማቴ በበኩላቸው የጓሯቸውን በስም ይጠሯቸዋል፤ ይህ ለቡላ፣ ይህ ለቃጫ፣ ይህ ለታመመ ሰው እያሉ። ልጄ ስሞቹን በደብተሯ ጽፋለች። ዋርሳዬ ደብተሩን አየና የእያንዳንዱን ስም በትንሽ እንጨት ላይ ጽፎ መንገዱ ዳር ለመትከል ወሰነ። ያልተስማማነው በምልክቱ ላይ ነው፦ እርሱ አስፋልቱ ዳር የሚበራ ትልቅ ማስታወቂያ ይፈልጋል፤ እኔ ከዋንዛው ሥር ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ። በዚህ ነገር እስካሁን በስልክ እንጨቃጨቃለን፤ አሸናፊው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥር ላይ ቁፋሮው ሊጀመር ተቃጠርን። ልንመለስ ባልነው ጠዋት ማዕዘኖቹን በችካልና በሲባጎ ለማመልከት ወደ ተዳፋቱ ወረድሁ። አማቴ ቀድመውኝ ነበር። ጎንበስ ብለው በሁለት ችካሎች መካከል፣ ልክ በሩ በሚመጣበት ቦታ፣ ሁለት የእንሰት ችግኝ ተክለዋል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

«እማማ፣ እዚህ እኮ በሩ ነው» አልኋቸው።

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ችካሉን አዩት፤ ከዚያ ችግኞቹን።

«በሩን ትንሽ ፈቀቅ አድርጊው» አሉኝ።